የባል ኮት

«ሳፋሪ» የሚለውን ቃል ቤታችን ያስገባው ወንዱ ልጄ ነው። ጣሪያው በተከፈተ መኪና ላይ ቆመው አንበሳ የሚያዩ ልጆችን በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ክረምቱን ሙሉ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ነዘነዘን። አባቱ ደግሞ ልጅ ሲነዘንዘው እምቢ ማለት አያውቅም። አንድ ቀን እራት ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔ ያደግኩበት አገር ዝንጀሮው ከሰው ይበዛል። ሐይቅ አለ፣ ወፍ አለ፣ ገደል አለ። የወሎ ሳፋሪ እንሄዳለን!» ብሎ አወጀ። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔ የሰማሁት «ገደል አለ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጠንቃቃ እናት ነኝ፤ አላፍርበትም። ባሌ «የፀጥታ ኃላፊዋ» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ልጅ በሁለት እጁ ይዞ ታክሲ የሚጋፋው እሱ አይደለም። በተለይ ለሴቷ ልጄ፣ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንድ ነገር እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ አስይዣታለሁ። ማታ ማታ እግሯን ሳጥባት እጠይቃታለሁ።

«የማታውቂው ሰውዬ ወደ አንቺ ቢመጣ?»

«እሮጣለሁ!»

«ስምሽን ቢጠራስ?»

«እሮጣለሁ!»

«ዞር ብለሽ ታዪዋለሽ?»

«አላየውም!»

ከዚያ እስማትና እግሯን በፎጣ አደርቅላታለሁ።

ለጉዞው ደግሞ የአውሬ ትምህርት ጨመርኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ፣ አጣርቼ፣ ሁለቱንም ሶፋ ላይ አስቀምጬ አስተማርኳቸው። «አውሬ ካያችሁ እንዳትሮጡ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። በእጃችሁ ምግብ ካለ ጣሉለትና ጀርባ ሳትሰጡት ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።» ወንዱ ልጄ ትንሽ አሰበና፣ «ከሰው እንሮጣለን፣ ከአውሬ ግን አንሮጥም ማለት ነው?» አለኝ።

«ጎበዝ! ልክ ነህ» አልኩት።

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ ጳጉሜ ላይ ተነሣን። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ውሃው ሞልቶ፣ ዙሪያው ሁሉ ለምልሞ ነበር። ላይፍ ጃኬት ከአዲስ አበባ ገዝቼ ይዤ ነበርና ልጆቹ ከመኪናው እንደወረዱ አለበስኳቸው። ጀልባው ላይ ለበሱ፤ ከጀልባው ወርደውም ለበሱ። ዳር ላይ ቁጭ ብለው ዓሣ ሲበሉ እንኳ አላወለቅኩላቸውም። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣ «ልጆቹ ሊበሉ ነው ሊዋኙ?» አለችኝ። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ባሌ ነው። ወንዱ ልጄ ዳክዬና ጋጋኖ ቆጥሮ ሲሰለቸው «አንበሳውስ?» አለ። ይሁንና ያን ቀን ማንም ልጅ ውሃ አልነካውም። ማታ ስተኛ በራሴ በጣም ተደስቼ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ አምባሰል ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ትንሽ በባጃጅ፣ ትንሽ በእግር ተጉዘን ገደሉ ሥር ያለች መንደር ደረስን። እዚያ ያሉት የባሌ አክስት ናቸው፤ እናቱ ስትሞትበት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የባሌ ዘመድ ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ግማሹ ክርስቲያን፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ረጅም፣ አጥንታም፣ እጃቸው እንደ ወንድ እጅ የጠነከረ ሴት ናቸው።

እኔ እንደልማዴ ገና በሩ ላይ ቆሜ ጥያቄ ጀመርኩ። ገደሉ በየት በኩል ነው? ጅብ ይመጣል ወይ? ውሃው ይፈላል ወይ? እትዬ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «አይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ተቀመጪ እስኪ!» ብለው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

ስለ ገደሉ ግን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። «ከማሳው በላይ ካለው መስክ ይጫወቱ፤ ለዝንጀሮውም ማያው እዚያ ነው። መስኩ ዳር ካለው ከቀጋው ቁጥቋጦ ወዲያ ግን ሌላ ገደል አለ፤ አንድ እርምጃ እንዳያልፉ። ክረምቱ ሥሩን በልቶታል። ከላይ ሣር ይመስላል፣ ከታች ባዶ ነው።» ልጆቹን ወዲያው ጠርቼ ደገምኩላቸው። ሁለቱም በቃላቸው አሉልኝ።

ቀኑ ሳይመሽ እትዬ ሻሻቸውን ፈተው እንደገና ሊያስሩ ሲሉ ሴቷ ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ሽበታቸውን ሂና ተቀብተውታል፤ ፀጉራቸው ቀይ ነው።

«እሳት ነው?» አለቻቸው።

«ሂና ነው የኔ እናት። አብሽሪ፣ አያቃጥልም። ንኪው።»

ነካችው። ከዚያ መልቀቅ አልቻለችም። ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ ጣቶቿን ቀዩ ፀጉር ውስጥ እንደሰደደች እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት መንደር ሰው ሞተ ተባለና ወንዶቹ ሁሉ ለቀብር ወጡ፤ ባሌም ከእትዬ ባል ጋር ሄደ። ልጆቹ አልተነሡም። እትዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባላቸውን ኮት አውርደው ሲለብሱ አየሁና ገረመኝ። ቀጥለው የባላቸውን ሱሪ በቀሚሳቸው ላይ ሳቡ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድባቸው ደፉ።

«እትዬ፣ ምን ሊሆን ነው?»

«ዛሬ ወንድ የለም፤ በቆሎው ደግሞ ደርሷል። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። በቀሚስ ብሄድ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው እሸቴን የሚልጠው። ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። ወላሂ፣ እያሾፈብኝ ይበላል! እዚህ አገር ሴት ሁሉ የምትጠብቀው እንዲህ ነው። ድምፅም ማጎርነን አለ።» ከዚያ ድንገት ደረታቸውን ነፍተው «ሃይ! አንተ!» ሲሉ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። እውነተኛ የሰውዬ ድምፅ ነው። በመደንገጤ እሳቸውም ሳቁ። ዱላቸውን ይዘው፣ በበቆሎው መሀል ወደ ማማቸው ወጡ።

ልጆቹ ሲነሡ «እትዬስ?» አሉኝ። «በቆሎ ሊጠብቁ ሄዱ» አልኳቸው። የኮቱን ነገር አላነሣሁም። ለእኔ ቀልድ ነበር፤ ለባሌ ነግሬው የምንስቅበት።

ቀትር ላይ ልጆቹን ይዤ ወደ መስኩ ወጣሁ። እያንዳንዳቸው የተጠበሰ በቆሎ በእጃቸው ይዘዋል። ዝንጀሮዎቹ ሩቅ፣ ከላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ይታያሉ፤ ወንዱ ልጄ «ይሄ እንኳ ሳፋሪ ይመስላል» ብሎ መሰከረ። አደይ አበባ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። ሴቷ ልጄ በአንድ እጇ በቆሎ፣ በሌላው አበባ ይዛ፣ ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ትለቅማለች። ወንዱ ልጄ «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» አለኝና ተንበርክኬ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።

«እማዬ» አለ በሹክሹክታ።

ቀና አልኩ። ትከሻው ላይ ጎፈር ያለው ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ሴቷ ልጄ ፊት ተቀምጧል። መቼ እንደወረደ አላየሁም። እጇ ላይ ያለውን በቆሎ ያያል። አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ ክራንቻው ታየኝ፤ እንዲያ ያለ ጥርስ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ልጄ ምን አደረገች? ያስተማርኳትን። ዓይኗን ወደ እግሮቿ ሰበረች። በቆሎውን ሣሩ ላይ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ከዚያ ጀርባዋን ሳትሰጠው አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። አበባዋን አልጣለችም። ዝንጀሮው እጁን ዘርግቶ በቆሎውን አነሣና ፊቱን አዙሮ መጋጥ ጀመረ። ሠራ! ያስተማርኩት ነገር ሠራ። እውነቱን ልናገር፣ በፍርሃቱ መሀል ኩራት ተሰማኝ።

ያኔ ነው በቆሎው የተንኮሻኮሸው። ከማሳው ውስጥ አንድ ረጅም ሰውዬ ዘሎ ወጣ። ኮቱ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፣ ባርኔጣው ዓይኑን ሸፍኖታል፣ ዱላውን ከራሱ በላይ አንሥቷል። «ሃይ! ሃይ! ውጣ አንተ ርጉም!» ዝንጀሮው በቆሎውን ነክሶ ወደ ቋጥኙ ፈረጠጠ። ጠዋት ሲለብሱ ያየሁት እኔ እንኳ ለአፍታ ማን እንደሆነ አላወቅኩትም። ከዚያ ሰውዬው በዚያው በጎረነነ ድምፅ የልጄን ስም ጠራ። «ነይ! ወደዚህ ነይ!»

ልጄ ሰውዬውን አየችው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስሟን ጠራሁ። «እትዬ ናቸው! አይዞሽ! ወደ እኔ ነይ!» ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪቃጠል ጠራኋት። እሷ ግን ፊቷን ከእኔ አዞረችና ሮጠች። በቀጥታ ወደ ቀጋው።

እናቷ ነኝ፤ እየጠራኋት ነው፤ ፊቷን አዞረችብኝ።

እትዬ ስሟን እየጠሩ ተከተሏት። በጠሯት ቁጥር ትፈጥናለች። ለምን እንደምትፈጥን በዚያ ተራራ ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስምሽን ቢጠራስ? እሮጣለሁ። ዞር ብለሽ ታዪዋለሽ? አላየውም። አንድ ቃል አላጎደለችም። ልነሣ አልኩ፤ እግሬ አልታዘዘኝም። የወንዱን ልጄን ጫማ በእጄ እንደያዝኩ፣ እየጠራኋት፣ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል ሲባል እሰማ ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ይደርሳል ብሎ ግን ማን ይገምታል?

ከዚያ እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዴት እንደገባቸው አላውቅም። ዱላቸውን ወረወሩ። ባርኔጣውን ወረወሩ። ኮቱን ሲያወልቁ ቁልፉ ተበጥሶ ሲበር አየሁት። መጨረሻ ላይ ሻሻቸውን ከራሳቸው መነጨቁት፤ ባዕድ ፊት ፀጉራቸውን ገልጠው የማያውቁት ሴት፣ በቀትር፣ በሜዳ ላይ። ቀዩ ፀጉር ትከሻቸው ላይ ወደቀ። በራሳቸው ድምፅ፣ በቀጭኑ፣ ማታ ባነጋገሯት ድምፅ፣ «የኔ እናት! ሂናዬን እይው! እሳቱን እይ!» አሉ።

ልጄ ድምፁን ስትሰማ ዞረች። ፀጉሩን ስታይ ቆመች። ቀጋውን አንድ እግሯ አልፎት ነበር። ከሥሯ አፈር ተንዶ ሲወርድ፣ ቆይቶም ታች ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁት።

«እንዳትነቃነቂ የኔ እናት። ቁሚልኝ። እኔ እመጣለሁ።»

ነገር ግን ዝንጀሮውም ያይ ነበር። ሰውዬው ጠፍቶ ሴት ስትቀር አየ። ከቋጥኙ ወረደ፤ እየሮጠ እንኳ አይደለም፣ ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው እየተራመደ። እትዬ ወገባቸው ላይ እሸት ቋጥረው ነበር። መምጣቱን አውቀዋል፤ ኮቴውን የሰሙ ይመስለኛል። ዱላው ግን ርቆ ወድቋል፤ ዓይናቸውን ከልጄ ላይ ማንሣት ደግሞ አልፈለጉም። ቋጠሮውን ሲመነትፋቸው ክንዳቸው መሀል ሲገባበት ነከሳቸው።

እትዬ አልጮኹም። ቢጮኹ ልጄ ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ፊታቸውን ለልጄ ፈገግ አድርገው ቆሙ። ደሙ በጣታቸው ሲወርድ እያየሁት ነው። «አብሽሪ» አሏት፤ «አብሽሪ፣ ቁሚልኝ ብቻ።»

ከጎረቤት ማማ ጅራፍ ጮኸ፤ ውሾች እየጮኹ ደረሱ። ዝንጀሮው ቋጠሮውን ይዞ ወደ ቋጥኙ ወጣ። እትዬ እንዳያስደነግጧት ቀስ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ። ልጄ አበባዋን እንደያዘች በእግሯ ጫፍ መጣችና አንገታቸው ሥር ገባች። እግሬ የተፈታው ያኔ ነው።

ክንዳቸውን በነጠላ አስረን፣ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም በሚኒባስ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ቁስሉ ለረጅም ጊዜ በሳሙናና በውሃ ታጠበ፣ ተሸፈነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተጀመረላቸው። ባሌ ከቀብር በቀጥታ ወደዚያ መጣ። እትዬን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ሁልጊዜ የሚቀልደው ሰውዬ ተራ ለማስያዝ የሄደ መስሎ ውጭ ወጥቶ አለቀሰ።

እኛ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጄ እትዬ ላይ ተለጥፋ ቀዩን ፀጉር በጣቷ ትጠቀልላለች። እትዬ በደህናው እጃቸው ጀርባዋን እያሹ፣ «ደግ አረግሽ» አሏት። «የማታውቂው ወንድ ሲመጣብሽ መሮጥሽ ደግ ነው። እናትሽ ደግ አስተምራሻለች። ነገም ሩጪ። ግን የኔ እናት፣ ስትሮጪ ወደ እናትሽ ነው የሚሮጥ።»

ልጄ ፀጉሩን መጠቅለል ሳታቆም፣ «እማዬማ አልጠራችኝም» አለች።

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «እንዴ! ጠርቼሻለሁ እንጂ! ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የጠራሁሽ። እትዬ ናቸው፣ ወደ እኔ ነይ አላልኩሽም?»

«አላልሽኝም። አየሁሽ። ዝም አልሽ።»

«ወንድምሽን ጠይቂው። አንተ፣ አልጠራኋትም? አጠገቤ አልነበርክም?»

ወንዱ ልጄ ጫማውን ማየት ጀመረ። እንደገና ስጠይቀው ቀስ ብሎ፣ «አፍሽ ተከፍቶ ነበር እማዬ» አለ። «ድምፅ ግን አልነበረም።»

ወደ እትዬ ዞርኩ። ጠርተሻታል፣ ሰምቼሻለሁ እንዲሉኝ ፈለግኩ። እሳቸው ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ አይዋሹም። «አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ድንጋጤ አፍ ይይዛል። እኔም አንቺን አልሰማሁም።»

እጄን ጉሮሮዬ ላይ አደረግኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያቃጥለኝ ነበር። እንዴት ያልጮኸ ጉሮሮ ያቃጥላል? ልጄ ሰውዬ ሲመጣባት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ፤ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ዝም አልኳት። እሷም የቀራትን፣ በቃሏ የያዘችውን አደረገች።

የእትዬ ክትባት ተከታታይ ስለሆነ ባሌ አብሯቸው ቀረ፤ እኔ ልጆቹን ይዤ በማግስቱ ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሴቷ ልጄ ጭኔ ላይ ናት። መንገዱን እያየች፣ «እማዬ፣ እስኪ ጥሪኝ» አለችኝ።

ስሟን ጠራሁ፤ ቤት ውስጥ ለምሳ እንደምጠራት።

«አይሰማም» አለች። «ቀጋው ጋ ነኝ።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራኋት። አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞር አሉ።

«አሁንም አይሰማም።» ዓይኖቿን ጨፍናለች። እየቀለደች አይደለም።

አፌን ከፈትኩ። ለአፍታ እንደገና እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። ከዚያ የልጄን ስም ጮህኩት፤ ከሆዴ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ምን ሆነ? ማን ቀረ?» አለ። አንዲት አሮጊት «ያረቢ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ወንዱ ልጄ በኀፍረት ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጠፈ።

ልጄ ዓይኖቿን ገለጠች።

«መጣሁ» አለችና አንገቴ ሥር ገባች።